ቤት ሻጭ ምን ይሸጣል?

ቤት መሸጥ በእኛ አገር የምሥራች ሆኖ አያውቅም። «እገሌ ቤት ገዛ» ሲባል እልል የሚል ጎረቤት፣ «እገሌ ቤቱን ሸጠ» ሲባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ገጠመው?» ይላል። ታሞ ይሆን? ዕዳ ገብቶ ይሆን? ወይስ ወራሾች ተጣልተው? እያለ ያወጣል ያወርዳል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ነገሩን በምስጢር ሊጀምረው ይሞክራል። ዳሩ ግን ቤት በምስጢር አይሸጥም። ገዥ እንዲመጣ ወሬው መውጣት አለበት። ወሬው የሚወጣው ደግሞ በደላላ በኩል ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢም ያውቀዋል። የመጀመሪያው ደላላ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ያመጣል። በቀን አምስት ሰው ይመጣል፤ ከአምስቱ አራቱ ለመግዛት ሳይሆን ለማየት የመጣ ነው። ጓዳው ሳይቀር ይታያል፤ ሽንት ቤቱ ይተቻል፤ ዋጋው ይረክሳል። በመጨረሻ ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ እጁ ሲገባ እንኳ ሻጩ ከገዥው ይልቅ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ይልቅ አምርሮ የሚያማው ደላላውን ነው። «በሩን አንኳኩቶ ሰው ከማስገባት በቀር ምን ሠራና ነው ይህን ያህል የሚወስደው?» ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ሌላ ጥያቄ ማስቀደም ያስፈልጋል። ለመሆኑ ቤት ሻጭ የሚሸጠው ምንድን ነው? ጣራና ግድግዳውን? መሬቱን? ወረቀቱን? ወይስ «ነገ ማንም መጥቶ አያስነሣህም» የሚል ቃሉን? በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የዚህ ጥያቄ መልስ በየዘመኑ ተለዋውጧል። መልሱ በተለወጠ ቁጥርም በሻጭና በገዥ መሃል የሚቆመው ሰው ሥራ አብሮ ተለውጧል።

በወቄት ወርቅ

ብዙ ሰው ቤትና መሬት መሸጥ ከአዲስ አበባ ጋር የመጣ አዲስ ልማድ ይመስለዋል። አይደለም። በጎንደር ዘመን፣ በተለይም ፈረንጆቹ 18ኛው ምዕተ ዓመት በሚሉት ጊዜ፣ የመሬትና የቤት ሽያጭ የደራ ነገር ነበር። ለዚህ ማስረጃው በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከቅዱሱ ቃል ጎን እገሌ ለእገሊት ርስቱን በዚህን ያህል ወቄት ወርቅ ሸጠ የሚል ማስታወሻ ይነበባል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል እንዲህ ያሉ መዛግብት የሰፈሩባቸው ይገኙበታል፤ ዛሬም ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር እነዚህን መዛግብት ለረጅም ዓመታት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ መሬትና ማኅበረሰብ ሰፊ መጽሐፍ አሳትሞባቸዋል። ከሥራዎቹ ከምንማረው አንዱ፣ በዚያ ዘመን ሴቶችም በስማቸው ርስት ሻጭና ገዥ እንደነበሩ ነው።

ሽያጩ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ የተጻፈበትን ምክንያት ለመገመት አይከብድም። ማዘጋጃ ቤት አልነበረም፤ መጽሐፉ ግን ነበረ። ሰው ቢሞት፣ ንጉሥ ቢለወጥ መጽሐፉ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ደፍሮ የሚፍቀውም ጥቂት ነው። ከሻጭ፣ ከገዥና ከዋጋው ቀጥሎ ደግሞ የዋሶችና የምስክሮች ስም ይደረደራል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ርስት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ወንድም አለበት፣ የአክስት ልጅ አለበት፣ ከሩቅ አገር ድንገት መጥቶ «የአያቴ ድርሻ ነው» የሚል አለበት። ስለዚህ ገዥው ወርቁን ቆጥሮ ሲሰጥ መሬቱን ብቻ አልገዛም፤ የዘመዱንም ዝምታ ገዝቷል። ያን ዝምታ በስሙ የሚያረጋግጥለት ዋሱ ነው።

እንግዲህ በሽያጭ መሃል የሚቆም ሦስተኛ ሰው ያኔም ነበር። ልዩነቱ፣ የያኔው የመሃል ሰው ሁለቱንም ወገን በዘር በጉርብትና የሚያውቅ፣ ነገር ቢበላሽ እዚያው አገር ላይ የሚጠየቅ መሆኑ ነው።

ከድንኳን ወደ ቆርቆሮ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ሳትሆን ሰፈር ነበረች። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የሠራዊት ማረፊያ ማለት ነው። ምኒልክ ለመኳንንቱ በግቢው ዙሪያ ቦታ ቦታ እየመሩ ሰጡ፤ መኳንንቱም ጭፍራቸውን ይዘው ሰፈሩበት። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እስከ ዛሬ በሰፈርና በድልድይ ስም የሚጠሩት በዚሁ ነው። መሬቱን የሰጠ ንጉሥ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ከተማይቱም ራሷ ልትነሣ ትችል ነበር። የማገዶ እንጨት በማለቁ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ግድም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው እንደነበር ይታወቃል። ነገ ሊነቀል በሚችል ከተማ ውስጥ ቤት ብሎ ገንዘቡን የሚያፈስ ማን ነው?

የዝውውሩ ሐሳብ ቀረ፤ ባሕር ዛፍም በዛ። የድንጋይ ቤት ተሠራ፤ ቆርቆሮ በየጣራው ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1907 ምኒልክ ባወጡት ድንጋጌ የአዲስ አበባ መሬት በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ እንዲለወጥ ተፈቀደ። የምድር ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶና ከየጠቅላይ ግዛቱ ሰው ይጎርፍ ጀመር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከወለጋ የመጣው በአንድ መንደር ተገናኘ።

አሁን ሻጭ የሚሸጠው መሬቱን ነው፤ ከነአጥሩ፣ ከነዛፉ። ገዥው ግን የአገሩ ልጅ አይደለም። የሻጩን ዘመድ አያውቅም፤ አንዳንዱም ቋንቋውን አያውቅ። ዋስ የሚሆን የጋራ ወዳጅ የለም። ደላላ ወደ ቤት ገበያ የገባው በዚህ ክፍተት ይመስለኛል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሙያውም በከብት፣ በጨውና በቡና ገበያ የተፈተነ ነው። በገበያ ደላላ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን ያገናኛል፤ የአንዱን ዋጋ ለሌላው ያቀብላል፤ ሲኮራረፉ ያስታርቃል። መሬት ለባዕድ የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን፣ ይህ ሰው ከገበያ ወጥቶ ወደ ሰፈር ብቅ አለ። ዋሱ ስሙን ያስይዝ ነበር፤ ደላላው እግሩንና ምላሱን ያከራያል። ቅሬታችን ሁሉ የጀመረው ከዚህ ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።

ያልመጣው መዝገብ

በ1952 ዓ.ም. ለቤት ሻጭ ብዙ ነገር የለወጡ ሁለት ትላልቅ የሕግ መጻሕፍት ታወጁ። አንዱ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የንግድ ሕግ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። ስለ ቀብድም ደነገገ፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የሰማንያ ዓመት ባልቴትም ሆነች የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ቤት የሚሸጥ ሁሉ ይህችን ድንጋጌ በቃሉ ቢይዛት ይጠቀማል። የንግድ ሕጉ በበኩሉ ደላላን ከመንገድ አንሥቶ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። ራሱን ችሎ፣ ሙያዬ ብሎ፣ ለጥቅም ሲል ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው ደላላ ነው፤ የሚያገናኘው ስለየትኛውም ውል ቢሆን ነጋዴ ነው አለ። ስድብ የነበረው ስም የሥራ ስም ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከሕጉ ውስጥ ሻጭንና ገዥን ከሁሉ በላይ ሊረዳ የሚችለው ክፍል አልሠራም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሰፊ ምዕራፍ ነበረው። እያንዳንዱ ቦታ የማን እንደሆነ፣ ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ማንም ገልጦ የሚያይበት መዝገብ ይኖራል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ራሱ በመጨረሻው ላይ ይህ ክፍል ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣለት ድረስ እንዲቆይ አደረገው። ትእዛዙ ሳይወጣ ሥርዓቱ ተለወጠ። የከተማ ይዞታን ለመመዝገብ ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ገዥው የሚገልጠው መዝገብ ሲያጣ የሚጠይቀው ሰው ፈለገ። ይህ ግቢ የውርስ ክርክር አለበት? ሰውየው ከሚስቱ ጋር ተፋቷል? አጥሩ የጎረቤት ነክቷል? ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከጠጅ ቤቱ ደጅ ወይም ከሻይ ቤቱ በረንዳ የማይጠፋው ሰውዬ ነው። ደላላው ሳይሾም የሰፈር መዝገብ ቤት ሆነ። ችግሩ፣ ይህ መዝገብ ቤት የሚከፈለው እውነቱን ስለተናገረ አለመሆኑ ነው። የሚከፈለው ሽያጩ ስለተፈጸመ ብቻ ነው። መናገር የነበረበትን ዝም ብሎ ያለፈበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

ሐምሌ 19

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 47 መሠረት አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለመሬቱ ካሣ የለም። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተላለፉ። ኪራይም ከመቶ 15 እስከ 50 ተቀነሰ። ለዘመናት በጭሰኝነት መልክ ቤት ለተከራየው የከተማ ድሃ ይህ ቀን የዕፎይታ ቀን ነበር። ሁለት ቤት ላለው፣ አንዱን በጡረታ ምትክ ላከራየው መምህር ወይም ባልቴት ደግሞ የውሳኔ ቀን ሆነ፤ የትኛውን እናስቀር? ሰፊውን? ለሥራ የሚቀርበውን? ወይስ ልጆች የተወለዱበትን?

ያን ውሳኔ ያገዘ ደላላ አልነበረም። በዚያ ዘመን አነጋገር «አቀባባይ ከበርቴ» የሚባል ታላቅ ጠላት ስለነበረ፣ በመንደር ከሻጭ ገዥ እያቀባበለ ቁርሱን የሚያገኘውም ሰው ስሙን ዝቅ አድርጎ መኖር ነበረበት።

ከሁሉ በላይ ግን የተለወጠው የሚሸጠው ነገር ነው። መሬት ከሽያጭ ወጣ። ለግለሰብ የቀረው ጣራና ግድግዳ ነው። ሕጉ ለሻጭ «የምትሸጠው ያንተ የሆነውን፣ ማለትም ጭቃውን፣ ድንጋዩን፣ ቆርቆሮውን ነው» አለው። ደርግ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ የቤት ሥራና ሽያጭ ገመዱ ላላ ሲልለትም፣ ይህ መሠረት አልተነካም።

ሁለት ዋጋ

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። የሊዝ አዋጁ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተተካ፤ የ2004ቱ ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ይገባል አለ። ገዥውም ወዲያው ይህን አስልቶ ከዋጋው መቀነስ ጀመረ።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ገበያው ምን እንደሚሸጥ ያውቃል። አንዲት የማውቃቸው እናት በመሃል ከተማ ያለች የጭቃ ቤታቸውን ሊሸጡ ሲነሡ፣ ገዥ ደስ ይለዋል ብለው ግድግዳውን አስለሰኑ፣ ቀለም አስቀቡ። ደላላው መጥቶ ግራ ቀኝ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ገንዘብዎን ባያፈሱ ጥሩ ነበር። ገዥው ሊያፈርሰው ነው የሚገዛው።»

«ታዲያ ልጄ፣ ምን ሊገዛ ነው የሚመጣው?»

«የቆሙበትን ነው፣ እማማ።»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የሠላሳ ዓመት የቤት ገበያችን ተጠቃሏል ብል ማጋነን አይሆንም። ሕግ የማይጠራውን ዋጋ የሚጠራው ደላላው ነው። ጣራና ግድግዳው ቢገመት ስንት እንደሚያወጣ ግንበኛ ሁሉ ያውቃል፤ ያች ቤት የምታወጣው ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። ልዩነቱ የመሬቱ፣ የአስፋልቱ፣ የሰፈሩ ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። ያለው በደላሎች ጆሮና አፍ ውስጥ ነው። ስለዚህም ሻጩ ራሱ የንብረቱን ዋጋ ለማወቅ፣ ዋጋው ከፍ ሲል የሚጠቀመውን፣ ደግሞም ቶሎ ቢሸጥ የሚጠቀመውን ሰው ለመጠየቅ ይገደዳል።

ከዚህ የሁለት ዋጋ ልማድ ተወለደ፤ አንዱ በእጅ የሚቆጠረው፣ ሌላው ውልና ማስረጃ ፊት የሚጻፈው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ በንብረት ማስተላለፍ ላይ በመቶ 2 ስለጣለ፣ የስም ማዛወሪያውም ወጪ ስላለ፣ ገዥ ዋጋውን አሳንሶ ማጻፍ ይወዳል። መንግሥትም ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ግምት ያወጣል። ያቺ እናት ይህ ሐሳብ በቀረበላቸው ጊዜ «ያልተቀበልኩትን ተቀበልኩ ብዬ አልፈርምም፤ የተቀበልኩትንስ አልተቀበልኩም ብዬ ለምን እፈርማለሁ?» አሉ። ገዥው ተቆጥቶ ሄደ። ቤቷ የተሸጠችው ከሁለት ወር በኋላ፣ ዋጋዋም ጥቂት ቀንሶ ነው። ሞኝ ናቸው ያላቸው ነበር። እኔ ግን አልልም። ውል ቢፈርስ፣ ክርክር ቢነሣ፣ ፍርድ ቤት የሚያነበው የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ በጓዳ የተቆጠረውን የሚያስታውስ ከደላላው በቀር ማን አለ?

የተጻፈና ያልተጻፈ ነገር ምን ያህል እንደሚያጣላ በ1999 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ አይቶታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዚያ ዓመት በሰጠው ውሳኔ፣ በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በ1997 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት በታች ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። የቤት ዋጋ በየዓመቱ ይንር በነበረበት ጊዜ፣ በመንደር ውል ሸጦ ገንዘቡን የበላ ሻጭ «ውሉ አልተመዘገበም» ብሎ ቤቱን መልሶ መጠየቅ የሚችልበት በር ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ችሎቱ ትርጉሙን አሻሻለና፣ መሸጡን ያልካደ ሰው ባለመመዝገቡ ምክንያት ሊያመልጥ አይችልም ወደሚል አቋም መጣ። በሁለቱ ውሳኔዎች መሃል የተያዙት ሰዎች ግን ምን እንደሆኑ በየቤቱ የሚነገር ታሪክ ነው።

በመቶ ሁለት

አሁን ወደ ተነሣንበት ቅሬታ እንመለስ። የደላላ ዋጋ ስንት ነው? የአዲስ አበባ ልማድ ለቤት ሽያጭ ከሻጭም ከገዥም በመቶ ሁለት ሁለት ይላል። ይህ በአዋጅ የተቆረጠ ታሪፍ አይደለም፤ የስምምነት ነገር ነው። ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው ዝም በማለት ነው። ሰውየው በር ሲያንኳኳ «ግባ» ብሎ፣ ገዥ ሲመጣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ፣ ስለ ክፍያው የሚያነሣው ግን ገንዘቡ በተቆጠረበት ዕለት ነው። በዚያ ዕለት አንድ የነበረው ደላላ አራት ይሆናል። አንዱ ገዥውን አመጣሁ፣ አንዱ የገዥውን ወንድም አገኘሁ፣ አንዱ ቤቱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ ይላል። በመቶ ሁለቱ ለአራት ይከፈል ወይስ አራት ጊዜ ይከፈል? ጠቡ ከዚህ ይጀምራል።

ሌላም መንገድ አለ። ደላላው «አንተ የምትፈልገውን ንገረኝ፤ ከዚያ በላይ ያገኘሁት የኔ» ይላል። ሻጩ ኮሚሽን የዳነ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ዋጋውን የማያውቅ ሰው ዋጋውን ለሚያውቅ ሰው ቤቱን አስረክቧል። ኪሣራው ከሁለት በመቶ በላይ መሆኑን የሚሰማው ከገዥው ጋር በአጋጣሚ ሻይ ሲጠጣ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዕጣ መታደል ሲጀምሩ ደግሞ ጣጣው ሌላ መልክ ያዘ። ዕጣ የወጣለት ሰው ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ተከለከለ። መሸጥ ያስቸኮለው በውክልና ሸጠ፤ ከሕግ ፊት ባለቤቱ እሱ ነው፣ ቁልፉ ግን የሌላ ሰው ነው። ሕጉ ደግሞ ወካይ ሲሞት ውክልና ያበቃል ይላል። ስንት ሰው በደላላ ቃል ተማምኖ በሌላ ሰው ዕድሜ ላይ ቤት ገዛ! ዋሽንግተንና ጅዳ ተቀምጠው በውክልና የሚገዙና የሚሸጡ ወገኖቻችንም የሰፈሩን ወሬ ለመስማት ከደላላው ስልክ በቀር ብዙ አማራጭ የላቸውም።

እንግዲህ የደላላው ዋጋ የምን ዋጋ ነው? በር የማንኳኳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ባለው ስልክ ማስታወቂያ ማውጣት ስለሚቻል ሙያው እስካሁን በጠፋ ነበር። አልጠፋም። ሰዎች የሚከፍሉት ሦስት የጎደሉ ነገሮችን ስለሚሞላላቸው ነው፤ በይፋ ያልተጻፈውን ዋጋ፣ ለሁሉም ክፍት ያልሆነውን መዝገብ፣ በከተማ የጠፋውን ዋስ። ሦስቱንም አንድ ሰው፣ ያለ መሐላና ያለ ኃላፊነት፣ ሁለት ወገን እያስከፈለ ሲሠራቸው ቅሬታ መብዛቱ አይገርምም። ደላላው ላይ ያለን ቁጣ በአብዛኛው ሌላ ቦታ ያልተሠራ ሥራ ላይ ያለን ቁጣ ነው።

ይህ ማለት ግን ሻጭ እጁን አጣጥፎ መንግሥትን ይጠብቅ ማለት አይደለም። ታሪኩ የሚያስተምረው ጥቂት ነገር አለ። ከደላላ ጋር የሚደረግ ስምምነት በሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፍ፤ ማን፣ ስንት፣ መቼ የሚሉትን ይመልስ። ክፍያው ውልና ማስረጃ ላይ ከተፈረመ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የሰፈሩን ዋጋ ከአንድ ደላላ አፍ ብቻ ሳይሆን በቅርቡ ከሸጠ ጎረቤትም መስማት ይገባል። ቀብድ ከመቀበል በፊት እጥፉን መመለስ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ባለትዳር ከሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱን ስምምነት ስለሚጠይቅ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የግብሩንም ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ጥቅም ላይ በመቶ 15 ሲጥል፣ ባለቤቱ ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ የኖረበትን መኖሪያ ቤት ከዚያ ነጻ አድርጎ ነበር። ይህን ሳያውቅ በፍርሃት ዋጋውን አሳንሶ ያጻፈ ስንቱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚህ ገበያ የሚጎዳው ይበልጡን የቸኮለው ነው።

መቸኮልም ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ለልማት ተብለው ሲነሡ፣ ለብዙ ዓመታት «እሸጣለሁ አልሸጥም» ሲል የኖረ ሰው ሁሉ ልቡ ደንግጧል። ሊፈርስ ይችላል የተባለ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ገዥው ይጠፋል፤ ገዥ ሲጠፋ ደላላው ዋጋ ይሰብራል። ሻጩ ያኔ የሚሸጠው ጣራም፣ መሬትም አይደለም፤ ስጋቱን ነው። ስጋት ደግሞ ሁልጊዜ በርካሽ ይሸጣል።

ያቺን የጭቃ ቤት የሸጡት እናት በክፍያው ዕለት ሦስት ደላሎች በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ገዥውን በእርግጥ ያመጣውን ለይተው ከፈሉ፤ ሁለቱን በሽማግሌ አሰናበቱ። ከዚያም ከፋዩንና ተከፋዩን፣ ሽማግሌዎቹን ጭምር አስቀምጠው፣ ማን ስንት እንደተቀበለ በደብተር አስጻፉና ሁሉንም አስፈረሙ። ከእነርሱ በፊት በጎንደር የኖሩት ሴቶች ሽያጫቸውን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ሲያስጽፉ ያሰቡት ይህንኑ ይመስለኛል፤ ነገ ሁላችንም ስንረሳው አንድ ቦታ ተጽፎ ይገኝ።